ሁለት ብዬ ጀመርኩ

«አያመኝም» ማለት ደሞዝ ቢኖረው ኖሮ፣ እኔ ሐምዲያ ዛሬ አል-ማንሺያ ሰፈር የሰው ፎቅ የምጠርግ ሳይሆን የራሴን ፎቅ የማስጠርግ ሴት ነበርኩ። ካርቱም ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ጥርሴን አሞኝ አያውቅም፤ ወገቤን አሞኝ አያውቅም፤ የፈላ ዘይት ክንዴ ላይ ተደፍቶብኝ እንኳ «ምንም አይደል፣ በርዷል» ነው ያልኩት። አልበረደም ነበር። ጠባሳው አሁንም አለ፣ ለፈለገ አሳያለሁ።

ይህን ያወረሰችኝ እናቴ ናት። ወሎ፣ ሐርቡ ያለችው እናቴ ጉልበቷ አልታጠፍ ካለ ስንት ዘመኑ፤ ሰላት እንኳ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። እንዴት ነሽ ሲሏት ግን «አልሐምዱሊላህ፣ እኔን ምን ያመኛል» ትላለች። እኛ ቤት መታመም ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው መናገር ነው።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የሆዴን ግራ ጎን ሲወጋኝ ዝም አልኩ። ሆዴ ግን የእኔን ያህል ጨዋ አይደለም። በ2012 ጥር ላይ፣ ሱዳኖቹ መንግሥታቸውን ከጣሉ ገና ዓመት ሳይሞላ፣ ዳቦውም ቤንዚኑም በሰልፍ በሆነበት ሰሞን፣ አሠሪዬ ሐጃ በቱል ዓርብ ዕለት ዘመድ ጠርተው ነበር። የምሳውን ትሪ ይዤ ሳሎን ስገባ ሆዴ ከነትሪው ጣለኝ። ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ሰሃኑ ተሰበረ?» ብዬ ነው። ቀጥዬ «አያመኝም» አልኩ። ይህን ስል ግንባሬ ላይ ሩዝ ተለጥፎ ነበር አሉ።

ሐጃ በቱል ደግ ሴት ናቸው። በመኪናቸው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ የእንቁላል ማፍሪያዬ ላይ ብርቱካን የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ እጢ ተገኘ። ወጪውን እሳቸው ቻሉት። ትልቋ ልጃቸው ግን እንደ እናቷ አይደለችም። «ኢጃዛሽ አሥር ቀን ነው» አለችኝ፣ «በአሥራ አንደኛው ቀን ካልመጣሽ ሌላ ሴት አስገባለሁ። እናቴ ብቻዋን አትውልም።» ኢጃዛ ዕረፍት ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት ሠርቼ ቃሉ እኔን ሲመለከት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሐርቡ ያለው ቤት የሚቆመው በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ እናቴም፣ የምታሳድጋቸው ሁለቱ የወንድሜ ልጆችም ይከተላሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀጥ ብዬ አል-ማንሺያ በር ላይ መቆም አለብኝ፤ ሌላ ምርጫ የለም።

ቀዶ ጥገናውን የሠራችልኝ ዶክተር አሚና ከእኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ ሱዳናዊት ናት። ሆዴን ሙሉውን እንደማትከፍተው ነገረችኝ። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ አበጅታ፣ ሆዴን በአየር ነፍታ፣ በካሜራ እያየች እጢውን ታወጣለች፤ በማግስቱ ቤቴ እገባለሁ። እኔ ደግሞ በልቤ የቋመጥኩለት ነገር ነበር። አንዲት ቀደም ብላ የተቀደደች የአገሬ ልጅ፣ «መርፌ አላቸው፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነው» ብላኛለች። የሰባት ዓመት የእንቅልፍ ዕዳዬን ልከፍል ነው ብዬ ጓጉቼ ነበር።

ዶክተሯ ተስፋዬን ቆረጠችው። «ያ ኃይለኛ መድኃኒት ላንቺ አያስፈልግም» አለች፣ «ያስታውክሻል፣ ሆድሽን ያደርቀዋል፣ መራመድ ሲገባሽ ያስተኛሻል። ቁስልሽ ትንሽ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ይበቁሻል።» ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ለራስ ምታት የሚዋጠውን ማለት ነው። ፊቴ ሲጠቁር አይታ መሰለኝ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ሲያምሽ ብቻ አይደለም የምትውጪው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ሕመሙ አንዴ ከቀደመሽ ሮጠሽም አትደርሺበትም። ምግብ ቀምሰሽ ዋጪ። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተሽ ተራመጂ። ስታስዪ ትራስ ሆድሽ ላይ ያዢ። ከባድ ነገር አራት ሳምንት አታነሺም።» ሁሉንም እሺ አልኩ። እሺ ማለት እኮ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው።

ከማደንዘዣው ስነቃ ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሻል?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህማ ሁልጊዜ ነው እህቴ» አለች እየሳቀች፣ «ቁጥሩን ንገሪኝ።»

የእውነቱን ካወራን ሰባት ነበር። ግን እኔ የሐርቡ ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ዋጋ የተጠየቀ ሰው የልቡን አይናገርም። ዝቅ አድርጌ ልጀምር፣ እሷ ትጨምርልኛለች፣ አምስት ላይ እንስማማለን ብዬ አሰብኩ። «ሁለት» አልኳት። ነርሷ ግን ክርክር አታውቅም። ሁለት ብላ ጻፈች፣ «ማሻአላህ፣ ጀግና ነሽ» ብላ ሄደች። እኔ ጀግናዋ አንሶላውን ነክሼ ቀረሁ።

በማግስቱ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወዳለው ክፍላችን ገባሁ። ክፍሉን የምጋራው ከሰብለ ጋር ነው። ሰብለ የጎንደር ልጅ ናት፤ ሻይ ትሸጣለች፤ አፏ አንድ ቀን አያርፍም። ገና ሳልቀመጥ ልብሴን ገልጣ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። «ለአንድ እጢ ሦስት በር ምን ይሠራል?» አለችኝ። «እጢው በአንዱ ወጣ እንበል። በሁለቱስ ምን ወጣ? ኩላሊትሽን ዳብሰሽዋል?»

ስቄ ላልፋት ነበር፤ ስስቅ ቀዳዳዎቹ ሦስቱም ተቆጡ። በዚያ ላይ ማታውን የቀኝ ትከሻዬን ይሰነጥቀኝ ጀመር። የነኩት ሆዴን፣ የሚያመኝ ትከሻዬን። ኩላሊት ወደ ላይ ይወጣል እንዴ ብዬ፣ ወላሂ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በሰብለ ነገር አመንኩ። በመጨረሻ ዶክተሯ የጻፈችልን ስልክ ላይ ሰብለ ራሷ ደወለች። ዶክተር አሚና «የነፋንባት አየር ነው» አለቻት፣ «የተረፈው ወደ ትከሻ ይሰማል። በእግሯ ትሂድ፣ ይወጣላታል። ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠች ነው?»

«በደንብ» አለች ሰብለ፣ እኔን እያየች። እኔ ጣራውን እያየሁ ነበር።

ምክንያቱም ክኒኑ ወደ ሐርቡ እየሄደ ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ካሁን ወዲያ ምን ቀረኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እጄ የገባ ክኒን በሙሉ ለእናቴ ነው የሚላከው። ሐጃ በቱል ለራስ ምታት ቢሰጡኝ ኪሴ ነው፤ ለጥርሴ ቢገዙልኝ ኪሴ ነው። የእናቴን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ እሷ ባትናገርም እኔ አውቀዋለሁ። ከሐኪም ቤት በወጣሁበት ቀን ሐርቡ አጠገብ ወዳለችው ኮምቦልቻ የምትገባ ሴት ተገኘች፤ የከረጢቱን ግማሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋት። እኔ ሁለት የሚያመኝ ጀግና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል። የቀረውን ግማሽ ለክፉ ቀን ብዬ መስኮቱ ላይ አኖርኩት።

መስኮት ላይ ማኖሬ ደግሞ ሌላው ጅልነቴ ነው። ጠያቂ መጣ። እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ወተት ይዞ የሚመጣ አለ፣ ጭማቂ ይዞ የሚመጣ አለ። «አላህ ያሽርሽ» ይሉና ይቀመጣሉ። እንደተቀመጡ ከረጢቱን ያያሉ። «ይህ ለወገብ ይሆናል?» ትላለች አንዷ። «ለእኔም እኮ ራሴን» ትላለች ሌላዋ። ፋርማሲው ሁሉ ባዶ በሆነበት ሰሞን የመጣ እንግዳን እንዴት እምቢ ይባላል? «ውሰጂ እንጂ፣ እኔን እኮ አያመኝም» አልኩ። በአራተኛው ቀን ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ የሚያመው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መራመዱን ግን ያዝኩት፤ እሱ አይላክም፣ አይሰጥም። ሰብለ ደግሞ ነገር ማባከን አትወድም። «ዝም ብለሽ ከምትዞሪ ዳቦ ሰልፍ ሂጂ» አለችኝ። ጎብጬ፣ ሆዴን በትራስ ደግፌ፣ እግሬን እየጎተትኩ ስደርስ ሱዳናውያቱ ሴቶች አዩኝና «ታዓሊ፣ ታዓሊ ጊዳም» አሉ፤ ነይ፣ ወደ ፊት ነይ ማለታቸው ነው። ሌላው ሰው ከንጋት ጀምሮ የቆመበትን ዳቦ እኔ በሩብ ሰዓት ይዤ ተመለስኩ። ትከሻዬም ቀለለኝ። በማግስቱ የግቢው ሴቶች ከረጢታቸውን ይዘው መጡ፤ ሐምዲያ ለእኛም ትሰለፍ። እኔም ልክ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ከሚያመኝ በላይ መጉበጥ ጀመርኩ። እስቲ እዩኝ። ለሐኪም ሰባቱን ሁለት ያልኩ ሴት፣ ለዳቦ ጋጋሪ ሦስቱን ዘጠኝ አድርጌ አሳየሁ።

አላህ ግን እንዲህ ያለውን ያያል። በስድስተኛው ቀን፣ ለአምስት ቤት ዳቦ ተሸክሜ ስመለስ፣ ሰው ሲሮጥ ከኋላ ገፋኝና ዳቦው እንዳይወድቅ ተጣጥፌ ያዝኩት። ዳቦው ተረፈ። የእኔ ሆድ ግን እሳት የገባበት መሰለኝ። ቤት ገብቼ ወደቅኩ። ዶክተሯ በስልክ ሁሉን ጠየቀችኝ፤ ትኩሳት የለም፣ ደም የለም፣ ቁስሉ አልተከፈተም። «ክኒንሽን ዋጪ፣ ሙቅ ጨርቅ ጀርባሽ ላይ አድርጊ፣ ነገም ከባሰሽ ነይ» አለች። ክኒን። ሰብለ ሰይደሊያ ለሰይደሊያ ዞረች፤ ፋርማሲው ሁሉ «ማፊ» አላት። የለም። መልሳ ጠያቂዎቹን ልትለምን ሄደች፤ ሁሉም ውጠውታል፣ ደግሞም ተሽሏቸዋል።

ከሰባተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። መቆም ካልቻልኩ አልራመድም፤ ካልተራመድኩ ትከሻዬ ይመለሳል፤ ሦስት ቀን ቀርቶኛል። አል-ማንሺያ በር ላይ የሚጠብቀኝን የልጅቷን ፊት እያሰብኩ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። እናቴን ልደውልላት ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ምን እላታለሁ? መታመሜንም አልነገርኳት።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት ንጋቱ መጣ። ንጋቱ በመተማ በኩል ዕቃ የሚያመላልስ፣ የብዙ ሰው አደራ የሚያደርስ ልጅ ነው። «ከእናትሽ ነው» ብሎ ከረጢት አስቀመጠ። ድርቆሽ አለ፣ በርበሬ አለ። ከሥር አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አለ፤ የእናቴ የድሮ መቀነት ቁራጭ ነው። ስፈታው ክኒን ነው።

ዕድሜ ዘመኔን የላክሁት ክኒን። ሐጃ በቱል ለራስ ምታት የሰጡኝ አለ፤ የጥርሴ አለ፤ ማሸጊያው የደበዘዘ፣ በዓይነት በዓይነቱ በክር የታሰረ። አንዱም አልተዋጠም። ሰብለ ተቀምጣ ቀኑን እያነበበች ለየችው፤ አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል፣ ባለፈው ዓመት የላክሁት ግን ገና ነበር። ዓይኗን ከእኔ ትደብቃለች። «አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አልኳት።

«ከመቀደድሽ በፊት ደወልኩላት» አለች ሰብለ። «ምን ላድርግ፣ እናትሽ አይደለችም?»

ደወልኩ። «እማ፣ ይህን ሁሉ ለምን አልዋጥሽውም?»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነዋ።»

«ለማን ክፉ ቀን?»

«ላንቺ ነዋ፣ ለማን ይሆናል።»

ልስቅ ነው ወይስ ላለቅስ ነው ሳላውቀው ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ትራሱን ሆዴ ላይ ያዝኩ። የእኔ ክኒን ወደ እሷ፣ የእሷ ክኒን ወደ እኔ ሲሄዱ መተማ ላይ ሳይተላለፉ አይቀሩም። ሁለት እልኸኛ ሴቶች ያንኑ መድኃኒት ስንላላክ ማናችንም አልዋጥነውም። «እማ» አልኳት፣ «በጣም ያመኛል።» ይህን ቃል በአፌ ሳወጣው ቤቱ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። ምንም አልፈረሰም።

«እና ዋጪዋ ልጄ» አለችኝ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ውልም ገባን። በላስቲክ የላክሁት ሲደርሳት እሷም ትውጣለች። ቀትር ላይ እየደወለች «ዋጥሽ ወይ?» ትለኛለች፤ እኔም «አንቺስ?» እላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተሯ እንዳለችው ሆነ፤ ምግብ ቀምሼ፣ ሰዓት አይቼ፣ ሳያመኝም ዋጥኩ። በዘጠነኛው ቀን ተነሣሁ። በአሥረኛው ቀን ለራሳችን ብቻ ዳቦ ይዤ መጣሁ፣ ለዚያውም ሳልጎብጥ፤ ተራዬ ሲደርስ እግሬ ዝሎ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት አል-ማንሺያ ደረስኩ። ትልቋ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አንዲት የማላውቃት ሴት ቦርሳዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሐጃ በቱል ከሳሎን «ሐምዲያ፣ ተማም?» አሉ። ደህና ነሽ ወይ ነው። ልጅቷ አጠገቧ ያለውን የውሃ ጀሪካን በዓይኗ አሳየችኝ። «ማንሣት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እጄም ወደ ጀሪካኑ ሄዷል። ያቺን ሴት አየሁ፤ ጀሪካኑን አየሁ። እጄን መለስኩ። «አልችልም» አልኩ። «አራት ሳምንት ከባድ አላነሣም፤ ያመኛል። መጥረግ እችላለሁ፣ ማብሰል እችላለሁ፣ ከሐጃ ጋር መዋል እችላለሁ።»

ልጅቷ ወደ ሴትዮዋ ዞራ ልትናገር ስትል ሐጃ በቱል ቀደሟት። «ዘበኛው ምን ይሠራል? ጀሪካኑን እሱ ያንሣው። ግቢ ሐምዲያ፣ ሻይ አምሮኛል።» ሰባት ዓመት ሙሉ ዘበኛ እንደነበረን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

ቀትር ላይ የሻይ ዕቃውን ሳጸዳ ስልኬ ጮኸ። «ዋጥሽ ወይ?» አለችኝ እናቴ።

«ዋጥኩ። ሥራዬም አልሄደም። አንቺስ፣ ያ ላስቲክ ደረሰሽ?»

«ትናንት ደረሰኝ። ዋጥኩ።»

«እማ፣ እዚህ ሐኪም ቤት ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሻል ብለው ይጠይቃሉ። ጉልበትሽን ስንት ያምሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱማ ሁልጊዜ ነው። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«ሁለት» አለች።

የማንን ገበያ ልታስተምረኝ ነው። ነርሷ ያላደረገችልኝን አደረግኩ። «አራት?» አልኳት። ዝም። «ስድስት?» ዝም። «ሰባት?» የመስመሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ስልኩ ተቋረጠ ብዬ ነበር።

«ስምንት» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። «ዘጠኝ ዓመት ሆነው።»

የያዝኩትን ጨርቅ አስቀምጬ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። «በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።